ሥጋው ከየት መጣ? የኦሊስ ባርቤኪው ጉዳይ፣ በርሚንግሃም 1964

ከ1963 አጋማሽ እስከ 1964 አጋማሽ ባለው አንድ ዓመት ውስጥ፣ በአሜሪካ በአላባማ ግዛት በበርሚንግሃም ከተማ የሚገኝ አንድ የቤተሰብ ምግብ ቤት ለወጥ ቤቱ 150,000 ዶላር ገደማ የሚያወጣ የምግብ ሸቀጥ ገዛ። ከዚህ ውስጥ 69,683 ዶላሩ ለሥጋ የተከፈለ ነው። ሥጋውን ያቀረበው ነጋዴ እዚያው ከተማ ውስጥ ይሥራ እንጂ፣ እርሱ ራሱ ያስመጣው ከአላባማ ውጭ ነበር። እንዲህ ያለ ቁጥር እንደ ልማዱ ከሒሳብ ሠራተኛ ጠረጴዛ አያልፍም፤ የዓመቱ መዝገብ ሲዘጋ አብሮ ይዘጋል። ይህኛው ግን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ውስጥ ገብቶ፣ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ በምግብ ቤት ወንበር ስቦ መቀመጥ ይችል እንደሆነ የተወሰነበት ፍሬ ነገር ሆነ።

ምግብ ቤቱ ኦሊስ ባርቤኪው ይባላል። ጉዳዩም በሕግ ትምህርት ቤቶች «ካትዘንባክ በማክላንግ ላይ» በሚል ስም ይታወቃል። ብዙ ጊዜ የሚጠናው በግዛቶች መካከል ስለሚደረግ ንግድ በሚያስተምረው ክፍል ስለሆነ፣ ተማሪው 46 ከመቶ የሚለውን አኃዝ ሸምድዶ ይወጣና ምግብ ቤቱን ይረሳዋል። እኔ ግን ነገሩ ከማዕዱ ቢጀመር ይሻላል ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም ክርክሩ የተነሣው ማን ተቀምጦ ይበላል በሚለው ላይ ሆኖ ሳለ ውሳኔው ያረፈው የተበላው ነገር ከየት መጣ በሚለው ላይ ነው። የጉዳዩ ቁም ነገርም፣ ቅሬታ የሚያስከትለው ጎኑም ያለው በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዘመኖች በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ቤቱና ማዕዱ

የማክላንግ ቤተሰብ ይህን ቤት የከፈተው፣ በፍርድ ቤቱ መዝገብ እንደሰፈረው፣ በ1927 ነው። ጉዳዩ ችሎት ሲደርስ ቤቱ በኦሊ ማክላንግና ስማቸውን በወረሰው ልጃቸው እጅ ነበር። አዳራሹ በአንድ ጊዜ 220 ሰው ያስቀምጣል። የቆመው በግዛቱ መንገድ ዳር ሲሆን፣ ግዛቶችን ከሚያገናኘው አውራ ጎዳና 11 ብሎክ፣ ከባቡርና ከአውቶቡስ ጣቢያዎች ደግሞ ከዚያ በለጥ ብሎ ይርቃል። ደንበኞቹ ከነልጆቻቸው የሚመጡ ቤተሰቦችና የቢሮ ሠራተኞች ነበሩ። የሚታወቀውም በባርቤኪው ሥጋና ቤቱ ራሱ በሚያዘጋጀው ፓይ ነው። በአጭሩ የሰፈር ምግብ ቤት ነው፤ መንገደኛ ጓዙን ይዞ ጎራ የሚልበት ሳይሆን፣ የአካባቢው ሰው ምሳ ሰዓት ሲደርስ እግሩ በልማድ የሚወስደው ዓይነት ቤት።

ባርቤኪው ሲባል ብዙዎቻችን በእሁድ ከሰዓት በኋላ በግቢ ውስጥ ፍም ላይ የሚገላበጥ ሥጋ ይታወሰናል። የደቡቡ ባርቤኪው ግን ከጥብስ ይለያል። በጥብስ እሳቱና ሥጋው ፊት ለፊት ይገናኛሉ፤ ሥጋውም በደቂቃዎች ውስጥ ይወጣል። በአላባማና በአጎራባቾቿ የሚዘወተረው የአሳማ ወርች ግን ከነአጥንቱና ከነስቡ በጡብ ምድጃ ውስጥ ይቀመጥና፣ ሂከሪ ከሚባለው ጠንካራ እንጨት በሚነሣ ጭስና ከ105 እስከ 120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ለስላሳ ሙቀት ከአሥር ሰዓት በላይ ይቆያል። ወርች እንስሳው ክብደቱን ተሸክሞ የሚራመድበት ክፍል በመሆኑ ጅማቱ ብዙ ነው፤ ችኩል እሳት ካገኘው ይደርቅና እንደ ጫማ ሶል ይሆናል። ሙቀቱ ዝግ ብሎ ሲገባ ግን ጅማቱን ያያያዘው ኮላጅን ቀስ እያለ ይሟሟል፤ ሥጋውም በሹካ ሲነካ የሚተረተር፣ ጥርስ የማያስቸግር ይሆናል። ከላዩ የሚፈጠረው ጥቁር ቅርፊት በማያውቅ ዓይን ያረረ ይመስላል። የሚያውቅ ሰው ግን አስቀድሞ የሚለምነው እርሱን ነው። አብሮት የሚቀርበው ሶስ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ በሰሜን አላባማ በዲኬተር ከተማ ከማዮኔዝና ከኮምጣጤ የሚሠራ ነጭ ሶስ ሳይቀር አለ። አብዛኛው አንባቢዬ፣ ክርስቲያንም ሆነ ሙስሊም፣ የአሳማ ሥጋ እንደማይቀርበው አውቃለሁ። ይህን ያነሣሁት ሥራው ምን ያህል ጊዜና ትዕግሥት እንደሚወስድ፣ ሌሊቱን እሳት ሲጠብቅ የሚያድር ሰው እንዳለበት ለማሳየት ነው።

ያ ሌሊቱን የሚጠብቀው ሰው በደቡቡ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ ጥቁር ነበር። በባርነት ዘመን ለድግስ ጉድጓዱን የሚቆፍሩት፣ እንጨቱን የሚያነዱት፣ ሥጋውን የሚያገላብጡት በባርነት የተያዙ አፍሪካውያንና ልጆቻቸው ነበሩ። ሙያው ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ የመጣው በእነርሱ በኩል ነው። በ1964 ኦሊስ ባርቤኪው 36 ሠራተኞች ነበሩት፤ ከእነዚህም ከሦስቱ ሁለት እጅ ጥቁሮች ነበሩ።

የቤቱ ደንብ ግን ይህ ነው፤ ጥቁር ደንበኛ ምግብ ገዝቶ ይዞ መሄድ ይችላል፣ በአዳራሹ ተቀምጦ መብላት ግን አይችልም። ይህ ደንብ ቤቱ ከተከፈተበት ከ1927 ጀምሮ አልተለወጠም። ልብ እንበል፣ ሥጋው አልተከለከለም፤ ገንዘቡም ተቀባይነት አላጣም። ምግቡን የሚያዘጋጀው የጥቁር እጅ መሆኑም ማንንም አላስቀየመም። የተከለከለው መቀመጥ ብቻ ነው። ይህ ለውጭ ተመልካች ግራ የሚያጋባ ይመስላል፤ በቤታችን ልማድ ላይ ዓይኑን ለጣለ ኢትዮጵያዊ ግን ያን ያህል እንግዳ አይሆንበትም። እንጀራውን የጋገረችው፣ ወጡን የሠራችው ልጅ እንግዶቹ ከመሶቡ ዙሪያ ሲቀመጡ ጓዳ ገብታ የምትበላበትን ቤት ብዙዎቻችን እናውቃለን። ማንም ሰው እጇን አልተጸየፈም፤ ከመሶቡ ዙሪያ መቀመጥ ግን እኩያነትን ማወጅ ነው። በበርሚንግሃምም ወንበር የእኩልነት ምልክት ስለነበር ከሥጋው ይልቅ የሚጠበቀው ወንበሩ ነበር።

ደንቡ የአንድ ቤት ባለቤት ፈቃድ ብቻም አልነበረም። የበርሚንግሃም ከተማ ሕግ ነጭና ጥቁር በአንድ ክፍል ውስጥ የሚመገቡበትን ማንኛውንም ምግብ ቤት ይከለክል ነበር። ሁለቱንም ማስተናገድ የፈለገ ባለቤት ከወለሉ ተነሥቶ ቢያንስ ሰባት ጫማ፣ ማለትም ከሁለት ሜትር በላይ፣ ከፍታ ያለው ድፍን ግድግዳ በመካከላቸው መገንባትና ለእያንዳንዱ ክፍል ከመንገድ የሚያስገባ የራሱ በር መክፈት ነበረበት። ሰባት ጫማ የቆመ ረጅም ሰው አሻግሮ የማያይበት ቁመት ነው፤ ሕጉን ያረቀቀው ሰው እዚህ ላይ በደንብ አስቦበታል። በ1963 የጸደይ ወራት በከተማዋ ጎዳናዎች ላይ በሰልፈኛ ሕፃናትና ወጣቶች ላይ ውሻና የእሳት አደጋ ውኃ ከተለቀቀ በኋላ፣ ድንጋጌው በዚያው ዓመት ተሻረ። በዚያው ዓመት በመስከረም 15 በከተማዋ በ16ኛው ጎዳና ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ላይ በፈነዳው ቦምብ አራት ልጃገረዶች ተገደሉ። የኦሊስ ባርቤኪው ጉዳይ ከዚህች ከተማ የወጣ፣ ከዚህ አንድ ዓመት በኋላ የመጣ ጉዳይ ነው። የከተማው ሕግ ቢሻርም የቤቱ ደንብ ሳይነካ ቆይቶ ነበር፤ የግል ምግብ ቤት ባለቤት ያልፈለገውን ደንበኛ እንዳይመልስ የሚከለክል ሌላ ሕግ አልነበረምና።

አዋጁ በየት በኩል ገባ

ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን የሲቪል መብቶች አዋጅን የፈረሙት በሐምሌ 2 ቀን 1964 ነው። የአዋጁ ሁለተኛ ክፍል ሆቴሎች፣ ምግብ ቤቶች፣ ቲያትር ቤቶችና መሰል ለሕዝብ ክፍት የሆኑ ቦታዎች ሰውን በዘር፣ በቀለም፣ በሃይማኖት ወይም በትውልድ አገር ለይተው እንዳይመልሱ ያግዳል። ሐሳቡ አዲስ አልነበረም። ኮንግረስ በ1875 ተመሳሳይ ሕግ አውጥቶ የነበረ ሲሆን፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1883 ሽሮታል። የያኔው ምክንያት 14ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ የሚያግደው የግዛት መንግሥታትን አድራጎት እንጂ የግለሰብ ነጋዴን አድራጎት አይደለም የሚል ነበር። ስለዚህ የ1964ቱን አዋጅ ያረቀቁት ሰዎች በአንድ የተዘጋ በር ፊት ቆመው ነበር፤ ወይ ፍርድ ቤቱ የ80 ዓመት ዕድሜ ያለውን ውሳኔውን እንዲያፈርስ መጠየቅ፣ ወይ ሌላ በር መፈለግ።

ሌላው በር ሕገ መንግሥቱ ለኮንግረስ በግዛቶች መካከል የሚደረገውን ንግድ የመቆጣጠር ሥልጣን የሰጠበት አንቀጽ ነበር። በዚህ መሠረት አዋጁ አንድን ምግብ ቤት የሚይዘው ከሁለት ነገሮች አንዱ ሲገኝ ነው፤ ከግዛት ወደ ግዛት የሚጓዙ መንገደኞችን የሚያስተናግድ ከሆነ፣ ወይም ከሚያቀርበው ምግብ ቁም ነገር የሚባለው ክፍል በግዛቶች መካከል በሚደረግ ንግድ የመጣ ከሆነ። ይህ አነጋገር ሰውን የመሰለ ጉዳይ በጭነት መኪና ሰነድ የሚመዝን መሆኑ ያኔም ያልታያቸው አልነበሩም። ነገር ግን በኮንግረስ ኮሚቴዎች ፊት የተሰማው ምስክርነት ንግዱና ውርደቱ የተሳሰሩ መሆናቸውን ያሳይ ነበር። ጥቁር ቤተሰብ በመኪና ረጅም መንገድ ሲጓዝ የት እንደሚበላ፣ የት እንደሚያድር፣ ልጆቹን የት መጸዳጃ ቤት እንደሚያስገባ ሳያውቅ ይነሣል። ቪክተር ሁጎ ግሪን የተባለ የሃርለም ፖስተኛ ከ1936 ጀምሮ ጥቁር መንገደኛ በሰላም የሚስተናገድባቸውን ቤቶች የሚዘረዝር የጉዞ መምሪያ ያሳትም የነበረው በዚሁ ምክንያት ነው። ችግሩ ለአፍሪካ እንግዶችም አልቀረም። በ1961 የቻድ አምባሳደር ወደ ዋሽንግተን ሲጓዙ በሜሪላንድ አውራ ጎዳና ዳር ባለ አንድ ምግብ ቤት ቡና ተከልክለው የሁለቱን መንግሥታት ግንኙነት እስከ መንካት የደረሰ ጉዳይ ሆኖ ነበር።

ማክላንግ አባትና ልጅ መንግሥት እስኪከሳቸው አልጠበቁም። ራሳቸው ቀድመው በፌዴራል ፍርድ ቤት ክስ መሠረቱ፤ አዋጁ በእነርሱ ቤት ላይ እንዳይፈጸም እግድ ይሰጠን፣ ኮንግረስም ይህን የማዘዝ ሥልጣን የለውም ይባልልን ሲሉ ጠየቁ። ተከሳሹ የጠቅላይ ዓቃቤ ሕጉን ሥራ ይሠሩ የነበሩት ኒኮላስ ካትዘንባክ ናቸው። እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት፤ በዚህ ክርክር ከአዳራሹ ከተመለሱት ጥቁር ደንበኞች አንድም ከሳሽ ወይም ተከሳሽ የለም። አንዱ ወገን የምግብ ቤቱ ባለቤቶች፣ ሌላው ወገን መንግሥት ነው። ለ37 ዓመታት ምግባቸውን ይዘው የሄዱት ደንበኞች በመዝገቡ ውስጥ ስም የላቸውም፤ ያሉት እንደ አንድ የደንበኛ ዓይነት ተጠቅሰው ነው። መንግሥትም በመጀመሪያ ያቀረበው መከራከሪያ ማንም ሳይከሳቸው የመጡ ስለሆነ ጉዳዩ ያለጊዜው የቀረበ ነው የሚል የሥነ ሥርዓት መቃወሚያ ነበር።

በበርሚንግሃም የተሰጠው ፍርድ

ሦስት ዳኞች የተሰየሙበት የፌዴራል ወረዳ ፍርድ ቤት ለማክላንግ ፈረደ። ዳኞቹ ከቤቱ ምግብ ቀላል የማይባለው ከሌላ ግዛት የመጣ መሆኑን አልካዱም። ያልተቀበሉት ነገር ቢኖር፣ ሥጋ ድንበር ተሻግሮ መምጣቱ እዚህ ከደረሰና ከበሰለ በኋላ ለማን እንደሚቀርብ ከሚወስነው ደንብ ጋር ይገናኛል የሚለውን ነው። በእነርሱ አስተያየት ሥጋው በርሚንግሃም ሲደርስ ጉዞው አብቅቷል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የአካባቢ ጉዳይ ነው። ከዚህም ሌላ ቤቱ ጥቁሮችን በአዳራሹ እንዲያስተናግድ ቢገደድ ብዙ ገበያ ያጣል ብለው ፍሬ ነገር አድርገው መዘገቡ።

ይህ ክርክር በጥንቃቄ ከታየ ሞኝ ክርክር አይደለም። አንድ ሰው የአሳማ ወርች ከሌላ ግዛት ገዝቶ ለአሥራ ሁለት ሰዓት ካጨሰው፣ ከተረተረውና በሶስ ለውሶ በዳቦ መሃል ካቀረበው በኋላ ያ ሥጋ አሁንም የግዛቶች ንግድ ነው ማለት የተለመደውን አስተሳሰብ ይፈታተናል። የባለቤቶቹ ጠበቃ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ይዞት የሄደውም ይህንኑ ነበር። የክርክሩ ድካም ያለው ግን ሥጋው ላይ ዓይኑን ተክሎ ገበያውን አለማየቱ ነው፤ ጥያቄው ሥጋው ከደረሰ በኋላ ምን ሆነ የሚል ብቻ ሳይሆን፣ የበላተኛው ቁጥር ቢበዛ ምን ያህል ተጨማሪ ሥጋ ይመጣ ነበር የሚልም ነውና።

46 ከመቶ

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ክርክሩን የሰማው በጥቅምት 5 ቀን 1964 ነው። በአትላንታ የሚገኝ አንድ ትልቅ ሞቴል ያቀረበው ተመሳሳይ ጉዳይም አብሮ ተሰምቷል። ሁለቱም በታኅሣሥ 14 ቀን በአንድ ድምፅ ተወሰኑ፤ የፍርድ ቤቱን ሐተታ የጻፉት ዳኛ ቶም ክላርክ ናቸው። የሞቴሉ ጉዳይ በንጽጽር ቀላል ነበር፤ ሞቴል የሚኖረው በመንገደኛ ነው። የኦሊስ ጉዳይ ግን ከባድ ነበር፤ መንገደኞች ወደ ቤቱ ይመጣሉ የሚል ክርክር እንኳ አልቀረበም። ስለዚህ ሁሉም ነገር በጓዳው ላይ ተንጠለጠለ።

ዳኛ ክላርክ ያለጊዜው ቀርቧል የሚለውን መቃወሚያ በመርሕ ደረጃ ትክክል ነው ብለው ቢቀበሉትም፣ የሞቴሉ ጉዳይ አብሮ የቀረበ በመሆኑና መወሰኑ ስለሚጠቅም አልፈውት ወደ ዋናው ጭብጥ ገቡ። የሐተታቸው አካሄድ የሚከተለው ነው። ምግብ ቤቶች ጥቁሮችን ሲመልሱ ጥቁሮች በምግብ ቤት የሚያወጡት ገንዘብ ያንሳል፤ ገንዘቡ ሲያንስ ምግብ ቤቶቹ ከሌላ ግዛት የሚገዙት ሸቀጥ አብሮ ያንሳል፤ የሚበላበት ቦታ የማያገኝ ሰው ደግሞ ጉዞውን ይተወዋል፣ ባለሙያም እንዲህ ባለ ከተማ መኖርን ይሸሻል። ኮንግረስ ይህን ሁሉ ምስክር ሰምቶ ነው ሕግ ያወጣው፤ የፍርድ ቤቱ ድርሻም ኮንግረስ ለዚህ መደምደሚያ ምክንያታዊ መሠረት ነበረው ወይ ብሎ መጠየቅ ብቻ ነው። ነበረው ተባለ። እዚህ ላይ ነው 69,683 ዶላሩ፣ የዓመቱ ግዢ 46 ከመቶ፣ የመጣው። ግማሽ የሚጠጋ የቤቱ ምግብ ከግዛት ውጭ ከመጣ «ቁም ነገር የሚባለው ክፍል» አይደለም ማለት አይቻልም።

አንድ የሰፈር ቤት ብቻውን በአገር ንግድ ላይ ምን ለውጥ ያመጣል የሚለው ጥያቄ ቀርቶ ነበር። ለዚህም ፍርድ ቤቱ በ1942 ወደ ወሰነው ሌላ ጉዳይ ተመለሰ። ሮስኮ ፊልበርን የሚባሉ የኦሃዮ ገበሬ 11.1 ኤከር ስንዴ እንዲዘሩ ተፈቅዶላቸው 23 ኤከር ዘሩ፤ ትርፉ ለራሴ ከብትና ለራሴ ቤት ነው ብለው ቢከራከሩም አልተሳካላቸውም። የአንድ ገበሬ ስንዴ ኢምንት ሊሆን ይችላል፤ የብዙ ገበሬዎች ስንዴ ሲደመር ግን ገበያውን ያንቀሳቅሳል። በኦሊስ ጉዳይም እንዲሁ አንዱ ቤት ሳይሆን እንደ እርሱ ያሉት ቤቶች ሁሉ ድምር ታየ። የራሱን እህል የበላ ገበሬና ጎረቤቱን ከማዕድ የመለሰ ምግብ ቤት በአንድ የሕግ መርሕ ሥር ተገናኙ። በሕግ ታሪክ ውስጥ ከዚህ የበለጠ የማይመሳሰሉ ጥንዶች ማግኘት ይከብዳል።

ከዳኞቹ ሦስቱ በውሳኔው ተስማምተው የየራሳቸውን አስተያየት ጻፉ፤ ለእኔ የጉዳዩ ልብ ያለው በእነዚህ ውስጥ ነው። ዳኛ ሁጎ ብላክ የአላባማ ተወላጅ ናቸው፤ በወጣትነታቸው በዚያው በበርሚንግሃም ጥብቅና ሠርተዋል፣ በ1920ዎቹም ለአጭር ጊዜ የነጮችን የበላይነት የሚያራምደው የኩ ክለክስ ክላን አባል ነበሩ። እርሳቸው የንግዱን መንገድ ተቀብለው፣ ዕቃውን በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ከአካባቢው የሚገዛና ለአካባቢው ሰው ብቻ የሚሸጥ አንድ ገለል ያለ ምግብ ቤት ምናልባት ከአዋጁ ውጭ ሊሆን እንደሚችል አመለከቱ። ይህ አነጋገር የውሳኔውን ድክመት በአንድ ዓረፍተ ነገር ያጋልጠዋል። ማክላንግ አሳማቸውን ከአላባማ ገበሬ ቢገዙ ኖሮ ተመላሹ ጥቁር ደንበኛ የሚሰማው ውርደት በአንዲት ቅንጣት እንኳ አይቀንስም ነበር፤ መብቱ ግን አጠያያቂ ሊሆን ነው።

ዳኛ ዊልያም ዳግላስ በዚህ ተቸግረው ነበር። የሰው መብት ከብት፣ ፍራፍሬ፣ ብረትና ከሰል ድንበር ከሚሻገርበት ጉዞ በላይ በሕገ መንግሥቱ የተጠበቀ ስፍራ አለው የሚለውን ቀድሞ የጻፉትን ሐሳብ መልሰው አንሥተው፣ ውሳኔው በ14ኛው ማሻሻያ ላይ ቢቆም እመርጥ ነበር አሉ። ከእርሳቸው ይልቅ አጠር ባለ ጽሑፍ ዳኛ አርተር ጎልድበርግ የአዋጁ ዋና ዓላማ የሰውን ክብር ማስጠበቅ እንጂ ተራ የኢኮኖሚ ጉዳይ አለመሆኑን ገለጹ። ሁለቱም ትክክል ነበሩ ብዬ አምናለሁ፤ ነገር ግን ክላርክ የመረጡት መንገድም ስንፍና አልነበረም። የ1883ቱን ውሳኔ ለማፍረስ መነሣት ዘጠኙን ዳኞች ሊከፋፍል ይችል ነበር፤ በደቡቡ ግዛቶች ደግሞ አንድ የተቃውሞ ድምፅ እንኳ ለእምቢታ ሰበብ ይሆን ነበር። የሥጋው መንገድ ክብር የጎደለው ይሁን እንጂ ዘጠኙንም ያስተባበረ መንገድ ነው።

ይዞ መሄድና መቀመጥ

ከአራት ዓመት በኋላ ሌላ ባርቤኪው ቤት ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መጣ። ይህኛው በሳውዝ ካሮላይና ፒጊ ፓርክ በሚል ስም የሚሠራ፣ ደንበኛው ከመኪናው ሳይወርድ ምግብ የሚቀርብለት የድራይቭ ኢን ቤቶች ሰንሰለት ነው። ባለቤቱ ዘሮችን ማደባለቅ ከእምነቴ ጋር ይጋጫል ብሎ ተከራክሯል። በመጀመሪያ ደረጃ የታየው ክርክር ግን ለኛ ጉዳይ የበለጠ ይቀርባል፤ ዳኛው ከምግቡ አብዛኛው ከቦታው ተወስዶ የሚበላ ስለሆነ ድራይቭ ኢኖቹ በአዋጁ አይያዙም ብለው ነበር። የይግባኝ ሰሚው ችሎት ይህን ሻረው፤ ሰው ሳህኑን በጭኑ ላይ አድርጎ በመኪናው ውስጥ ስለበላ ቤቱ ምግብ ቤት መሆኑ አይቀርም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1968 የሃይማኖቱን መከራከሪያ ረብ የለሽ ብሎ አልፎት፣ በእንዲህ ያለ ክስ የረታ ሰው የጠበቃ ወጪው እንዲተካለት በመደበኛነት ሊፈረድለት ይገባል ሲል ወሰነ። በኦሊስ ጉዳይ ስም ያልነበራቸው ደንበኞች በዚህኛው ጉዳይ ከሳሾች ሆነው ቀርበዋል።

መርሑ ዛሬ የእኛንም ሰዎች ይነካል። በዋሽንግተን ወይም በአትላንታ አካባቢ የኢትዮጵያ ምግብ ቤት የከፈተ ሰው ጤፉን ከአይዳሆ ማሳ፣ በርበሬውንና ሽሮውን ከአዲስ አበባ ያስመጣል። አዋጁ በግዛቶች መካከል ያለውን ብቻ ሳይሆን ከውጭ አገር ጋር የሚደረገውንም ንግድ ስለሚጨምር፣ እያንዳንዱ እንጀራ በማክላንግ ጉዳይ ከተመዘነው ወርች የበለጠ ረጅም መንገድ የተጓዘ ነው። ባለቤቱ ማንንም በቀለሙ ወይም በሃይማኖቱ ለይቶ ከበር ሊመልስ አይችልም፤ እርሱ ራሱም ወደ ማንኛውም የሰፈር ባርቤኪው ቤት ገብቶ ይቀመጣል።

የወረዳው ዳኞች የፈሩት የገበያ ኪሳራ ቤቱን አልዘጋውም። ኦሊስ ባርቤኪው ከውሳኔው በኋላ በበርሚንግሃም አካባቢ ሌላ ከ35 ዓመታት በላይ ሠርቶ በ2001 ነው የተዘጋው። በ1964 ታኅሣሥ ላይ ውሳኔው ሲሰማ ባለቤቱ ቢያዝኑም ሕግ አክባሪ ዜጋ እንደመሆናቸው እንደሚታዘዙ ተናገሩ። በቀናት ውስጥ ጥቂት ጥቁር ደንበኞች መጥተው አዳራሹ ውስጥ ተቀመጡ፤ ረብሻ አልተነሣም። ያዘዙት ምግብ ቤቱ ለ37 ዓመታት ሲሸጥላቸው የኖረው ነው፤ በዚያ ቀን በሳህን ቀረበላቸው።